አለቃዋና የመጨረሻዋ ላም

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ወተት የምናመርት ሰዎች ስንገናኝ ወሬያችን ያው ነው። ፉርሽካ ስንት ገባ? ፋጉሎ (የዘይት መጭመቂያ ተረፈ ምርት) አለ ወይ? ጾም ሲገባ ወተቱን የት እናድርሰው? አዳቃዩ ለምን ስልክ አያነሳም? «ላሞችሽ እርስ በርሳቸው እንዴት ናቸው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም። ይገርመኛል። «መኖ አነሰ» ወይም «ዝርያዋ አይረባም» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ መነሻው በረት ውስጥ ያለ ግፊያ ነው። ስለዚህ ያየሁትንና የሠራልኝን ልንገራችሁ።

ላሞቼ የሆላንድ ክልስ ናቸው። አንዷ ብቻ የአገር ደም ይበዛባታል። ቀን ቀን ከበረቱ ፊት ባለው ግቢ ተፈተው ይውላሉ፤ ማታ ከጣሪያው ሥር ያድራሉ። ላሞቻችሁ ቀኑን ሙሉ ታስረው የሚውሉ ከሆነ ከምጽፈው ብዙውን ላታዩት ትችላላችሁ። የታሰረች ላም ጎረቤቷን አትመርጥም፤ ስትገፋም አትሸሽም። ግን ውሃ ለማጠጣት ወይም ፀሐይ ለማሞቅ ስትፈቷቸው ልብ ብላችሁ እዩ። ያኔ ሁሉም ይገለጣል።

አለቃዋ ብዙ የምትታለበዋ ትመስል ይሆናል። አይደለችም። የእኔዋ አለቃ ዳልቻ ናት፤ ያቺ የአገር ደም የሚበዛባት። በቁመት ከሌሎቹ ታንሳለች፤ ወተቷም መካከለኛ ነው። ግን በዕድሜ ትበልጣቸዋለች፣ ቀንድ አላት፣ በረቱ ውስጥም ከሁሉም በፊት የነበረች እሷ ናት። በላሞች ዘንድ ዕድሜ፣ ቀንድና ቆይታ ትልቅ ቦታ አላቸው። ክብደትና ቁጣም ይጨመርበታል። ከሁሉም ግዙፏ ቡሬ ቀንድ የላትም፤ ዳልቻ ስትመጣ ቦታ ትለቃለች።

ጠብ የምታዩት መጀመሪያ ላይ ነው። ማን ከማን እንደምትበልጥ አንዴ ከተለየ ጠብ ይቀራል። ዳልቻ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ግንባሯን ካዞረች ይበቃል፤ ያቺ ዞር ትላለች። ድምፅ የለ፣ አቧራ የለ። «የእኔ ላሞች ሰላም ናቸው፣ አይዋጉም» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ አልከራከረውም። መኖ ስታቀርብ ጥግ ይዘህ ቁምና እይ እለዋለሁ።

እኔ ያደረግሁት ቀላል ነገር ነው። አንድ ደብተር በረቱ በር ላይ ሰቀልኩ። ጠዋት መኖ ሳቀርብ ጥቂት እቆይና ማን መጥታ ማንን እንዳስነሳች እጽፋለሁ። «ዳልቻ፣ ቡሬን።» «ቦቃ፣ ሙሽሪትን።» በቃ። ጥቂት ቀን እንዲህ ካደረጋችሁ ሥዕሉ ይወጣላችኋል። ደረጃው ግን እንደ ታክሲ ሰልፍ በአንድ መስመር የተደረደረ አይደለም። ዳልቻ ቡሬን ታስነሳለች፤ ቡሬ ቦቃን ታስነሳለች፤ ቦቃ ደግሞ አንዳንዴ ዳልቻን ትዳፈራለች። እንዲህ ዓይነት መጠማዘዝ በላሞች ዘንድ የተለመደ ነው። መሃል ላይ ያለው ቢምታታባችሁ አትጨነቁ። ዋናው ከላይ ያለችውንና ከታች ያለችውን መለየት ነው። በተለይ ከታች ያለችውን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አለቃና መሪ አንድ አይደሉም። አጨዳው አልቆ ገብሱ ከተነሳ በኋላ ከብቶቹን ማሳው ላይ እንለቃቸዋለን። ከበር ስትወጣ ፊት የምትቀድመው ቦቃ ናት። ሌሎቹ ይከተሏታል፤ ዳልቻም ጭምር። ዳልቻ መሃል ላይ ሆና ነው የምትሄደው፤ መቅደም አያምራትም። ስለዚህ ከብት ስታዘዋውሩ አለቃዋን ለመጎተት አትድከሙ። መሪዋን ካስነሳችሁ ሌላው ይመጣል።

አሁን ወደ መጨረሻዋ ላም ልምጣ። ገንዘባችን የሚፈስሰው እዚያ ነው።

ሙሽሪት ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደች ጊደር ነበረች። እንዲህ ያለች ላም ገና እያደገች ነው። ለራሷ አካል መብላት አለባት፣ ለወተቱ መብላት አለባት፣ ከምጡም ማገገም አለባት። ከሁሉም በላይ መኖ የሚያስፈልጋት እሷ ሆና ሳለ ገንዳው ላይ መጨረሻ የምትደርሰው ደግሞ እሷው ናት። ፉርሽካውና ፋጉሎው ሲቀርብ ዳልቻና ቡሬ ቀድመው ይደርሳሉ። ላም መምረጥ ትችላለች፤ በምላሷ ፉርሽካውን ለይታ ትወስድና ገለባውን ትተዋለች። ሙሽሪት ስትደርስ የሚቀራት ገለባ ነው። እኔ ግን ደብተሬ ላይ «በነፍስ ወከፍ ይህን ያህል ኪሎ» ብዬ ጽፌያለሁ። ወረቀቱ ላይ ሁሉም እኩል በልተዋል።

ጉዳቱ የታችኛዋ ብቻ አይደለም። ያለ ልክ ፉርሽካ የምትበላዋ አለቃም ሆዷ ይኮመጥጣል። እበቷ ይቀጥናል፣ ማመስኳቷ ይቀንሳል። አንዱ ገንዳ ላይ አንዷ በርሃብ ሌላዋ በጥጋብ ይታመማሉ።

መፍትሔው አለቃዋን መምታት አይደለም። አለቃዋን ብትሸጧት ሌላዋ አለቃ ትሆናለች። መፍትሔው ቦታ ነው። አንድ ላም ገንዳ ላይ ቢያንስ ከ60 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያስፈልጋታል። ቀንድ ያላቸው ከበዙ ከዚያም በላይ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ማስገባት መቻል አለባቸው። ላሞች አብረው መብላት፣ አብረው መተኛት ይወዳሉ። አንዷ ስትበላ ሌላዋም ያምራታል። «ተራ በተራ ይበሉ» የሚለው የሰው ሐሳብ ነው። እኛ ገንዳውን በባሕር ዛፍ አጣና ከፋፈልነው። አጣናው በየላሟ መካከል እስከ ትከሻዋ ድረስ ወደ ኋላ ይወጣል። ዳልቻ ከጎን ሆና በቀንዷ መውጋት አትችልም፤ ወጥታ ዞራ መምጣት አለባት። እስክትዞር ሙሽሪት ትበላለች። ወጪው አጣናና ምስማር ነው።

ሁለተኛው ነገር መቀላቀል ነው። ገለባውን ወይም ድርቆሹን አሳጥራችሁ ክተፉት፤ ፉርሽካውንና ፋጉሎውን በትንሽ ውሃ አርጥባችሁ ከገለባው ጋር ደህና አድርጋችሁ አዋህዱት። ያኔ ለመምረጥ አይመችም። የቢራ ፋብሪካ ብቅል አተላ የምታገኙ ከሆነ እርጥበቱ ለዚህ ጥሩ ነው። አካፋ ያለው ሰው ሁሉ ይሠራዋል። ከዚያ ደግሞ ፉርሽካ በሚበሉበት ሰዓት ብቻ በአጭር ገመድ አስሯቸውና ሲጨርሱ ፍቷቸው። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። የታሰረ አለቃ አይዞርም።

ውሃ ላይም ያው ነው። አንድ ግማሽ በርሜል ብቻ ካለ አለቃዋ ጠጥታ ስትጨርስ እንኳ እዚያው ትቆማለች። የታችኛዋ ሳትጠጣ ትመለሳለች። የምትታለብ ላም ለአንድ ሊትር ወተት ከ3 እስከ 5 ሊትር ውሃ ያስፈልጋታል፤ ውሃ ካጣች ወተቱ ከየት ይመጣል? ሁለት ቦታ አድርጉት፣ ተራርቀው። እኛ አገር ደግሞ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የበርሜሉ ፊት በረዶ ይይዛል። አለቃዋ እስኪሞቅ ጠብቃ ትጠጣለች። የታችኛዋ ያንን ሰዓት ካጣችው እስከ ማታ ላታገኘው ትችላለች።

መኝታው ደግሞ የባሰ ነው፤ ማታ ስለሆነ አናየውም። ላም በቀን ውስጥ ከ10 እስከ 12 ሰዓት መተኛት ትፈልጋለች። ስትተኛ ታመሰኳለች፣ እግሯም ያርፋል። ደረቁ ጉዝጓዝ ያለው ቦታ ትንሽ ከሆነ እሱን የሚይዙት የላይኞቹ ናቸው። የታችኛዋ እበቱ ላይ ቆማ ታድራለች። ጠዋት ኩበት ለመጠፍጠፍ ስትገቡ ላሞቹን እዩዋቸው። ጎኗም እግሯም ንጹሕ የሆነችው ደረቅ ቦታ አግኝታ ተኝታለች። ጎኗም ንጹሕ፣ እግሯ ግን እስከ ጉልበቷ እበት የሆነችው ቆማ ያደረች ልትሆን ትችላለች። ሰኮናዋ የሚበሰብሰው፣ የምታነክሰው እሷ ናት። ከዚያ ስታነክስ ደግሞ ገንዳ ላይ የባሰ ትዘገያለች።

የበረቱን ማዕዘንም ተመልከቱ። መውጫ የሌለው ጠባብ ጥግ ካለ የታችኛዋ እዚያ ትታሰራለች። አለቃዋ አፉ ላይ ከቆመች መውጫ የለም። እኛ በረቱ ላይ ሁለተኛ በር ከፈትን። ያንን ስናደርግ ባለቤቴ «ለብርድ ነው የምትከፍቺው?» ብሎ ተከራከረኝ። ብርዱን ነፋስ በማይመታበት በኩል በመክፈት ፈታነው። ግፊያው ወዲያው ቀነሰ።

አዲስ ላም ስለ ማስገባት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በተለይ በጾም ዋዜማና በፋሲካ ሰሞን። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ወተት ገዢው ይቀንሳል። አንዱ ላሙን ይሸጣል፣ ሌላው ማለቧን አቁሞ ያደርቃል፣ ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ መግዛት ይጀመራል። እኛ የምናስበው ዋጋውን ነው። ላሞቹ ግን አንዲት በወጣችና በገባች ቁጥር ደረጃቸውን እንደ አዲስ ማውጣት አለባቸው። በዚያ መሃል ወተት ይወርዳል። የአዲሷማ የግድ ይወርዳል።

ከመጀመሪያው በሽታውን አስቡ። ከገበያ የመጣች ላም አፍተግር ወይም የቆዳ ጉርብርብ ይዛ ልትመጣ ትችላለች። ሁለትና ሦስት ሳምንት ለብቻ ማቆየት፣ በሐኪም ማስመርመር ግድ ነው። ይህ ጊዜ ለመተዋወቂያም ይሆናል። ከሐኪሙ ጋር ተማክራችሁ፣ ጤናዋ ከተረጋገጠ በኋላ ለጥቂት ቀን በአጥር ማዶ እንዲተያዩና እንዲሸታተቱ አድርጉ።

ሁለተኛውን ምክር ያገኘሁት ከጎረቤቴ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ይዘው የኖሩ እናት ናቸው።

«ላም ልትገዢ ነው አሉ?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ እግዜር ከፈቀደ።»

«ብቻዋን እንዳታስገቢያት። ከአንዷ ጋር አላምጃት። ከትንሿ ጋር፤ ለብቻ አብረው ይደሩ። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ትለቂያቸዋለሽ።»

«አለቃዋ ሁለቱንም ብትወጋቸውስ?»

«ትወጋለች። ግን ብቻዋን የቆመች የላትም።»

እንዳሉት አደረግሁ። አዲሷንና ሙሽሪትን ለብቻ አሳደርኳቸው። ከዚያ ማታ፣ ሁሉም ታልበውና በልተው ሊተኙ ሲሉ አንድ ላይ ለቀቅኋቸው። ጠዋት ተርበው ገንዳ ላይ በሚጋፉበት ሰዓት ማስገባት ጠብ መጥራት ነው። መሬቱ እንዳያንሸራትት አመድና ገለባ በትኜ ነበር። ጭራሮና እንቅፋት ከግቢው አንስቼ ነበር። መጋፋቱ አልቀረም፤ ግንባር ለግንባር ገጥመው የተገፋፉም ነበሩ። ዱላ ይዞ መሃል መግባት አያስፈልግም። አንዷ ካልወደቀች ወይም ጥግ ላይ ካልተያዘች በስተቀር ተዉአቸው፤ ካላለቀ አይቆምም። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀን ይረጋጋል፤ ወተቱም ይመለሳል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ልትወልድ የደረሰችን ወይም ገና የወለደችን ላም ለዚህ አትዳርጉ። እሷ በዚያ ሰዓት የምትፈልገው ከመንጋው መገለል ነው። ጥጃዋን ልሳ እስክትለምድ፣ እንገሩ እስኪጠባ ጸጥ ያለ ቦታ ስጧት። የምትደርቀዋንም ላም ሩቅ አትውሰዷት። ደረቅ ሆና ሁለት ወር ያህል ስትቆይ በአጥር ማዶ ካየቻቸው ስትመለስ እንግዳ አትሆንም።

ስለ ጠብ ብቻ አወራሁ መሰለኝ። ፍቅርም አላቸው። ቦቃና ሙሽሪት ይላላሳሉ። አንገት ሥር፣ ጆሮ ጀርባ፣ ግንባር ላይ፤ ራሷ በምላሷ የማትደርስበት ቦታ ላይ። የምትላሰዋ ዓይኗን ከደን አድርጋ አንገቷን ትዘረጋለች። ጎን ለጎን ይተኛሉ። ይህን ደብተሬ ላይ በሌላ ገጽ እጽፈዋለሁ፤ ላም ልሸጥ ስል የምመለከተው ያንን ነው። ባለፈው አንዷ ስትሸጥ ጓደኛዋ በሩ ላይ ቆማ እምቧ እያለች ዋለች፤ ወተቷም ወረደ። አሁን መሸጥ የግድ ከሆነ ጓደኛ የሌላትን እመርጣለሁ፤ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ ማለቴ ነው። ስቀው ያውቃሉ ሰዎች፤ ይሳቁ።

ጓደኝነቱ የሚጀምረው በጥጃነት ነው። ስለዚህ ጥጆችን አንድ አንድ ለብቻ ከማሰር ዕድሜያቸው የተቀራረበ ሁለት ጥጆችን አንድ ላይ ማሳደግ ይሻላል። አዲስ መኖ ቶሎ ይለምዳሉ፤ አንደኛዋ ስትቀምስ ሌላዋም ትቀምሳለች። ወተት ሲቋረጥባቸውም ያን ያህል አይጮኹም። አንድ ችግር አለው፦ ወተት ጠጥተው ሲጨርሱ እርስ በርስ ጆሮና እምብርት ይጠባባሉ። ወተቱን በባልዲ ከመስጠት በጡጦ ቀስ ብሎ ማጠጣትና ወዲያው ድርቆሽ ማቅረብ ይቀንሰዋል። ቀንዱንም በዚህ ዕድሜ ማሰብ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላቸው በሐኪም እጅ፣ ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው ቡቃያው ቢቃጠል ነገ ዳልቻን የመሰለ አለቃ በቀንዷ አትገዛም። ትልቅ ላም ቀንድ ማስቆረጥ ሌላ ሥቃይ ነው፤ አልመክርም።

ይህ ሁሉ ማየት ለማዳቀልም ይጠቅማል። እዚህ አካባቢ አዳቃዩ ብዙ ቀበሌ ይዞራል፤ ድራቱ (ላሟ ኮርማ የምትፈልግበት ሰዓት) ካለፈ ሌላ 21 ቀን መጠበቅ ነው። የላም ድራት ዋና ምልክቱ ሌሎች ሲወጡባት ጸጥ ብላ መቆሟ ነው። በሌላ ላይ የምትወጣዋ ራሷ ድራት ላይ ላትሆን ትችላለች። እዚህ ላይ ደረጃውን ማወቅ ይረዳል። አለቃዋ ኮርማ ብትፈልግም ሌሎቹ ፈርተዋት ላይወጡባት ይችላሉ። የታችኛዋ ደግሞ ግቢው ጠባብ ከሆነ ምልክቷን ሳታሳይ ታልፋለች። ላሞች ብዙ ጊዜ በዚህ ነገር የሚንቀሳቀሱት ማታና ሌሊት ነው። እኔ ከመተኛቴ በፊት ባትሪ ይዤ አንዴ፣ ማለዳ ከማለቤ በፊት ደግሞ አንዴ ቆሜ አያለሁ። ጠዋት ያየኋትን ማታ፣ ማታ ያየኋትን በማግስቱ ጠዋት ማስዳቀል ነው ደንቡ።

አላቢም የመንጋው አካል ነው። ላም ሰው ትለያለች። የሚጮህባትን፣ የሚመታትን ሰው ስታይ ወተቷን ትይዛለች። ለመታለብ የሚመጡበት ተራም አላቸው፤ የእኔዎቹ ራሳቸው ናቸው ያወጡት። ተራቸውን ካከበርኩላቸው ያለ ጩኸት ይመጣሉ።

የመጨረሻው ምክሬ ስለ ሕመም ነው። ደረጃ በድንገት ከተለወጠ ተጠራጠሩ። አንድ ጠዋት ዳልቻ ለቦቃ ቦታ ለቀቀች። አልወጋችም፣ አልዞረችም፣ ዝም ብላ ወደ ኋላ ቀረች። መኖ አልተወችም ነበር፤ ወተቷም ገና አልወረደም። ጡቷን ስዳስስ በአንደኛው በኩል ሞቃትና ጠጣር ነው። የመጀመሪያውን ወተት ጥቁር ጨርቅ ላይ ሳልብ የረጋ ነገር አገኘሁበት። የጡት በሽታ ነው። ሐኪሙ በጊዜ ደረሰ። መድኃኒት በተሰጣት ጊዜና ሐኪሙ እስካለው ቀን ድረስ ወተቷን ደፋሁት። ዳነች። ቦታዋን ግን ወዲያው አላገኘችም። ቡሬና ቦቃ ቀምሰውታልና አልለቅ አሉ። ዳልቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዳ ላይ መጨረሻ ደራሽ ሆነች። እስክትጠነክር ድረስ ፉርሽካዋን በባልዲ ለብቻዋ እሰጣት ነበር። ከሕመም የተነሳች ላም ካለቻችሁ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።